የዒድ መዝናኛ ስትመርጡ ከእናታችሁ ጉልበት ጀምሩ



ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ ይዤላችሁ የመጣሁት የኪታብ ጥያቄ አይደለም፤ ስለ ሽርሽር ነው። "የመስጂድ ሰው ደግሞ ስለ ሽርሽር ምን አገባው?" የሚል አይጠፋም። ግን ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት። ጉዳዩ የእናቶቻችን ጉዳይ ነው።

ባለፈው ዓመት ዒድ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘን ከመራዊ ባህር ዳር ሄድን። መንገዱ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባለቤቴ፣ ልጆቼ፣ እህቴና ልጆቿ ሁሉም ሄዱ። እናቴን ግን ቤት ተውናት። ዕድሜዋ ሰባን አልፏል፤ ሁለቱም ጉልበቶቿ ያሟታል፣ የምትሄደው በምርኩዝ ነው፣ ከተቀመጠችበት ስትነሳ የሰው እጅ ትፈልጋለች። "መኪናው ያንገላታታል፣ ይደክማታል፣ ቤቷ ትረፍ" አልን። ይህን ስንል በጣም ያዘንንላት ይመስለን ነበር። እሷን ግን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜም ቀረ። ሕፃን ሳለ በፖሊዮ አንድ እግሩ ስለሰለለ በክራንች ነው የሚሄደው። "ቤት ጠባቂ ያስፈልጋል፤ እኔ ከእማዬ ጋር እቆያለሁ" አለን። አመንነው። ያመንነው ስለተመቸን ነው።

ማታ ስንመለስ ልጆቹ እየተሻሙ በስልክ ያነሱትን ፎቶ ለአያታቸው ማሳየት ጀመሩ። እናቴ ስልኩን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ብዙ አየችው። ከዚያ "ይህ ውሃ ማዕበል አለው?" ብላ ጠየቀች። ትንሹ ልጄ ሳቀ፤ እኔ ግን አልሳቅኩም። እናቴ ባህር ዳርን የምታውቃት በሐኪም ቤት በር ብቻ መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ለዓይኗ ወስደናታል፣ ለጉልበቷ ወስደናታል፣ ለደም ግፊቷ ወስደናታል። ጣና ዳር ተቀምጣ ግን አንዲት ቀን እንኳ አታውቅም። ለሕመሟ ሲሆን ሌሊትም ቢሆን መኪና እናገኛለን። ለደስታዋ ሲሆን መንገዱ ይረዝምብናል።

ይህ የኔ ቤት ነውር ብቻ ቢሆን ኖሮ ተውበት አድርጌ ዝም እል ነበር። ግን በየቤቱ አያለሁ። ከመራዊ እስከ ዱርቤቴ፣ እስከ ቡሬና ፍኖተ ሰላም፣ አብዛኛው ቤታችን ሦስት ትውልድ የሚኖርበት ነው። አያት አለች፣ ወላጅ አለ፣ ልጅ አለ። ዒድ ሲደርስ፣ ወይም ከጅዳና ከዱባይ ዘመድ ሲመጣ፣ "የት እንዝናና?" የሚለው ወሬ ይነሳል። የሚመርጠው ስልክ የያዘው ወጣት ነው። አያት የምትሰማው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፤ ያውም "አንቺ ቤት ትጠብቂያለሽ" ተብሎ።

ዘንድሮ በኛ ቤት ነገሩ በሌላ መንገድ እንዲሆን ተመካከርን። አሥራ አንድ ሰው ነን። እናቴ፣ በክራንች የሚሄደው ወንድሜ፣ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር እህቴ፣ ጡት የሚጠባ ሕፃን የያዘችው ባለቤቴ፣ ከአምስት እስከ አሥራ አራት ዓመት የሆናቸው ልጆች፣ እኔና አማቼ። አንድ ቦታ ለዚህ ሁሉ ሰው ይሆናል ወይ?

መጀመሪያ ሐሳብ ያመጣው የእህቴ ትልቁ ልጅ ነው። ቢሾፍቱ ያለውን የኩሪፍቱን የውሃ ፓርክ በቲክቶክ አይቶ "እዚያ ካልሄድን ዒድ አይባልም" አለ። አልፈርድበትም። ከከፍታ በውሃ እየተንሸራተቱ መውረድ፣ ሰው ሠራሽ ማዕበል ውስጥ መዝለል ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ጀነት የገባ ያህል ነው። ግን ከመራዊ አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ቢሾፍቱ ደግሞ ከአዲስ አበባ አልፎ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። መሐል ላይ የአባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት አለ። የእናቴ ጉልበት ሁለት ሰዓት ታጥፎ ከቆየ ያብጣል። ነፍሰ ጡሯም በየመንገዱ መውረድ አለባት። እዚያ ስንደርስ ደግሞ ሦስቱ ሰዎች የሚያደርጉት የሌላውን ልብስ መጠበቅ ነው። ቦታው መጥፎ ሆኖ አይደለም። ለወጣት ቤተሰብ፣ በተለይ አዲስ አበባ ለሚኖር፣ ጥሩ ነው። ለኛ ግን አልነበረም።

"እግረ መንገዳችንን አዲስ አበባ አንድነት ፓርክንና እንጦጦን እናያለን" ያለም ነበር። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. የተከፈተ፣ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ያለ ነው። እንጦጦ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ተራራ ነው። የደም ግፊት ያለበት ሽማግሌ ወይም ትንፋሽ የሚያጥራት አሮጊት ይዞ ለሚሄድ ሰው አየሩም ዳገቱም የሚታሰብበት ነገር ነው። ፎቶ ከፍታን አያሳይም።

ከዚያ ጢስ አባይ ተነሳ። ከባህር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ፏፏቴውን ለማየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በድንጋይ ድልድዩ በኩል ወርዶ በድንጋያማ ዳገት የሚወጣ ነው። ሁለተኛው ከፏፏቴው በላይ ወንዙን በጀልባ ተሻግሮ በአመዛኙ ሜዳ በሆነ መንገድ በእግር የሚሄድ ነው። ብዙ ቤተሰብ ይህን ልዩነት ሳያውቅ ሽማግሌውን በመጀመሪያው መንገድ ይዞ ይገባና ከድልድዩ ላይ ይመለሳል። ሌላም አለ። የውሃው ኃይል ማመንጫ ከተስፋፋ ወዲህ በበጋ ፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውሃ ያንሳል፤ ሞልቶ የሚታየው በክረምትና በመስከረም አካባቢ ነው። የዒዳችን ቀን በየዓመቱ ስለሚዞር፣ በበጋ ከዋለ ለዚያ ሁሉ ድካም የሚጠብቃችሁ ቀጭን ውሃ ሊሆን ይችላል። በክረምት ከዋለ ደግሞ መንገዱ ጭቃ ነው፤ ክራንችና ጭቃ አይስማሙም።

ጎርጎራም ተጠቅሷል። በ"ገበታ ለሀገር" የተሠራው ሪዞርት ያማረ ነው፤ ግን በጣና ሰሜን ዳርቻ ስለሆነ ከኛ በየብስ በጎንደር በኩል ዞሮ ነው የሚገባው። ወንድሜ ደግሞ "ቆጋ እዚሁ አጠገባችን አለልን አይደል?" አለ። እውነቱን ነው፤ ውሃ አለ፣ ነፋስ አለ፣ መንገዱ አጭር ነው። ነገር ግን ቆጋ 7,000 ሄክታር ገደማ መሬት እንዲያጠጣ የተሠራ የመስኖ ግድብ ነው እንጂ መናፈሻ አይደለም። መቀመጫውንም ጥላውንም ይዞ ለሚሄድ ሰው ለግማሽ ቀን ይሆናል። ሽንት ቶሎ ቶሎ ለሚያስቸኩላቸው አሮጊትና ነፍሰ ጡር ግን ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ሥራዬ ልመለስ። በመስጂድ ኢማም ለሚሆን ሰው መጀመሪያ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ፣ ከኋላው ያሉትን ሰዎች አቅም እንዲያይ ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ሰው የሚያሰግድ ሰው እንዲያቀል፣ ከኋላው ደካማ፣ በሽተኛና ሽማግሌ እንዳለ እንዲያስብ አዘዋል። እሳቸው ራሳቸው የሕፃን ልቅሶ ሲሰሙ ለእናቱ ብለው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። ልብ በሉ፤ ኢማሙ የሚሄደው በራሱ ጉልበት ልክ ወይም ከኋላው በቆመው ጠንካራ ጎረምሳ ልክ አይደለም፤ በጣም በደከመው ሰው ልክ ነው። እንዲህ ሲሆን ጎረምሳው የሚጎድልበት ነገር የለም። በጎረምሳው ልክ ከተሄደ ግን ሽማግሌው ከሶፉ ይወጣል።

በሶላት የምናውቀውን ነገር በሽርሽር ለምን እንረሳዋለን? ቦታ ስትመርጡ ከሕፃናቱ ዥዋዥዌ አትጀምሩ፤ ከእናታችሁ ጉልበት ጀምሩ። ለደከመው ሰው የሚመች ቦታ አብዛኛውን ጊዜ ለሁሉም ይመቻል። ደረጃ የሌለው መንገድ ለክራንች ብቻ ሳይሆን ሕፃን ላዘለች እናት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ትልቅ የምግብ ሳህን ለተሸከመ ሰውም ይመቻል። ልጅ ደግሞ ሜዳ ካገኘ ጨዋታውን ራሱ ይፈጥራል።

በዚህ መለኪያ ባህር ዳር ራሷ ቀረችልን። ከተማዋ ሜዳ ናት፣ ጣና ደጃፏ ነው፣ መንገዱ አጭር ነው። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ "ከባህር ዳር የት?" የሚለው ነው።

ስልክ ደወልኩ። አንድ ቦታ "ደረጃ አለ ወይ?" ብዬ ስጠይቅ "የለም ወንድሜ፣ ምንም ችግር የለም፣ ይምጡ" አሉኝ። አላህ ይስጣቸውና እንዲህ ብለው ባይመልሱልኝ ኖሮ ራሴ አልሄድም ነበር። ከዒዱ ሁለት ሳምንት በፊት ወንድሜን ይዤ፣ ከአንድ አናጢ ሜትር ተውሼ ሄድኩ። ከበሩ እስከ ሳሩ ድረስ ሜዳ ነው። ውሃው ዳር ወዳሉት መቀመጫዎች ግን በድንጋይ ደረጃ ነው የሚወረደው፤ ወንድሜ ቆጠረው፣ አሥራ ሰባት ነው። መፀዳጃው ከአዳራሹ ጀርባ አራት ደረጃ ወጥቶ ነው፤ እሱም ቁጢጥ የሚባልበት ነው። ደረጃ የለም ያለችኝ ልጅ ደንግጣ "ደረጃ ሲሉኝ እኮ ፎቅ መስሎኝ ነው" አለች። ዋሽታ አይደለም። እግሩ ደህና የሆነ ሰው ደረጃን አያየውም፤ ይረግጠዋል እንጂ።

ሁለተኛው ቦታ ክፍል ይዘን እንድናርፍ የሚጋብዝ ነው። አልጋው ጥሩ፣ ውሃው ጥሩ ነው። የመታጠቢያ ቤቱን በር ስለካው 58 ሴንቲ ሜትር ሆነ። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው እዚያ በር ላይ ይቆማል፤ ሰው ደግፎ የሚያስገባት እናትም ከደጋፊዋ ጋር ጎን ለጎን አታልፍም።

ሦስተኛው ያን ያህል የሚያምር አልነበረም። ወንበሮቹ ያረጁ ናቸው፣ ለልጆች ያለው ሁለት ዥዋዥዌና አንድ ሸርተቴ ብቻ ነው። ግን መኪና እስከ ዛፉ ጥላ ድረስ ይገባል፤ ከጥላው እስከ ውሃው ሜዳ ነው፤ መፀዳጃው መሬት ላይ ነው፣ መቀመጫ አለው፣ ያለው አንድ መድረክ ብቻ ነው። ኃላፊው ወንድሜን አይቶ "እዚያች መድረክ ላይ ጣውላ አደርግላችኋለሁ" አለ። ሳንለምነው ነው ያለው። እዚያው ቀብድ ከፈልን።

ስንመለስ ወንድሜ በመኪና ውስጥ ብዙ ዝም አለ። ከዚያ "አርባ ዓመት ሙሉ ደረጃ የምቆጥረው ለብቻዬ ነበር" አለኝ። ምን እንደምመልስለት አጣሁ።

ወንድሞችና እህቶች፣ ከዚያ ቀን የተማርኩትን ልንገራችሁ፣ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ። በአካባቢያችን ባለፉት ዓመታት ያሳለፍነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ቤት ውስጥ ያለፉ ብዙ ዒዶች አሉ። ጎረምሳ ከመንገድ ቢመለስ በእግሩም ይገባል፤ እናት ግን አትችልም። ስለዚህ ቅርብ ይሻላል፤ ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ እንደሚባለው።

ሁለተኛ፣ "ይመቻል ወይ?" ብላችሁ አትጠይቁ፤ መልሱ ሁልጊዜ "ይመቻል" ነው። ቁጥር ጠይቁ። መኪና ከሚቆምበት እስከ መቀመጫው ስንት እርምጃ ነው? ስንት ደረጃ አለ? የመፀዳጃው በር ስንት ሴንቲ ሜትር ነው? የሚቀመጡበት ነው ወይስ ቁጢጥ? ለማደር ከሆነ ክፍሉ ምድር ላይ ነው ወይ? ፎቅ ከሆነና ሊፍት ካለው መብራት ሲጠፋ ምን ይሆናል? ከቻላችሁ ፎቶ አስልኩ፤ የውሃውን ሳይሆን የመፀዳጃ ቤቱን በር።

ሦስተኛ፣ ስለ መኪናው አስቡ። የሚኒባስ መርገጫ ለታመመ ጉልበት ከፍ ያለ ነው፤ አንድ ጠንካራ ዝቅ ያለ ዱካ ይዛችሁ ሂዱ። እናትን ከሾፌሩ ጎን አስቀምጡ፤ እግሯን ትዘረጋለች።

አራተኛ፣ ምግብና ሶላት። ቤት የተሠራ ምግብ ማስገባት ይፈቀድ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ለስኳር ሕመምተኛ የምግቡ ሰዓት ጭምር ያሳስባል። ውዱእ የሚደረግበትን፣ ሴቶች ተከልለው የሚሰግዱበትን ቦታ ጠይቁ። መስገጃ ወንበር ከቤት ይያዝ።

አምስተኛው ከሁሉም ይበልጣል፤ ራሷን ጠይቋት። "ትችያለሽ ወይ?" ብላችሁ አይደለም፤ "ምን ማየት ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ። እናቴ ስትጠየቅ ያለችው "ውሃው ዳር ብቻ አስቀምጡኝ" ነው። አያችሁ፣ እኛ ስለ ማዕበልና ስለ ፏፏቴ ስንጨቃጨቅ የእሷ ፍላጎት አንድ ወንበር ነበር።

አሁን አንድ ተቃውሞ ልመልስ። "እኛ ሐበሾች ነን፤ ደረጃ ቢኖርስ? እናቴን አዝዬ አወጣታለሁ" የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ልባችሁን አከብራለሁ። እናቱን የሚያዝል ልጅ አላህ ዘንድ ትልቅ ምንዳ እንዳለው ተስፋ አለን። ግን ወንድሜ የነገረኝን ስሙ። "ስትሸከሙኝ እናንተ ትመሰገናላችሁ፤ እኔ ዕቃ እሆናለሁ" አለኝ። ሰው ሁሉ እያየው በሁለት ጎረምሳ ክንድ የሚወጣ ትልቅ ሰው ሁለተኛ ጊዜ "ልሂድ" አይልም። ይቀራል። "ቤት ጠባቂ ያስፈልጋል" ይላል። እናትም ሽንቷ በመጣ ቁጥር ሸካሚ መጥራት ስለምታፍር ውሃ ሳትጠጣ ትውላለች። መሸከም ሌላ መንገድ ሲጠፋ ነው እንጂ የመንገድ ምትክ አይደለም።

ማስረጃው ከማንም በፊት እኛ ዘንድ አለ። ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) መታመማቸውን ሲናገሩ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) "ይቅርብሽ" አላሏቸውም፤ ከሰዎች ኋላ ሆነው እንስሳ ላይ ተቀምጠው ጠዋፍ እንዲያደርጉ ነው የፈቀዱላቸው። ዛሬም ሐጅ ወይም ዑምራ የሄዳችሁ አይታችኋል፤ በሶፋና በመርዋ መካከል ለተሽከርካሪ ወንበር የተለየ መስመር አለ። ሰባቱ ምልልስ ሲደመር ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ግን መራመድ የማይችለው ሰው በራሱ መስመር፣ በክብር ይጨርሰዋል። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ለደካማው መስመር ከተገኘ፣ በአንድ መናፈሻ ውስጥ እንዴት ይጠፋል?

ሌላውም ዓለም ቢሆን አስቦበታል። በአሜሪካ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ከተማ ሞርጋንስ ወንደርላንድ የሚባል መጫወቻ ፓርክ አለ። ጎርደን ሃርትማን የሚባል ሰው የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባት ልጁ ሞርጋን በመዋኛ ገንዳ አጠገብ ከሌሎች ልጆች ጋር ልትጫወት ስትቀርብ ልጆቹ ሲርቋት አየ። ያ ነገር ከልቡ አልወጣ አለው። በ2010 እ.ኤ.አ. ፓርኩ ተከፈተ። ዥዋዥዌው ልጁን ከነተሽከርካሪ ወንበሩ ይዞ ይወዛወዛል። በ2017 ደግሞ ውሃ የማይጎዳው ወንበር የሚዘጋጅበት የውሃ መጫወቻ ተጨመረበት። አካል ጉዳተኛ የሚገባው በነፃ ነው። "ለአካል ጉዳተኛ ብቻ" የሚል ቦታ ግን አይደለም፤ ሁሉም ልጅ አብሮ ይጫወትበታል።

የሀገራችን ሕግም ዝም አላለም። የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕዝብ የሚገለገልባቸው ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድ ሰው ጭምር የሚገባበት መንገድና የሚጠቀምበት መፀዳጃ እንዲኖራቸው አዟል። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አፅድቃለች፤ ስምምነቱ መዝናናትንም እንደ መብት ቆጥሮ ጽፎታል። ስለዚህ ሎጅና መናፈሻ ያላችሁ ወንድሞች፣ የምንጠይቃችሁ ምፅዋት አይደለም። ደግሞ ኪሳራ አይምሰላችሁ። አንዲት አያት መግባት ካልቻለች የሚቀሩት አሥራ አንድ ሰዎች ናቸው። በብዙ አገር የሚሠራበት የተዳፋት ልክ አንድ ለአሥራ ሁለት ነው፤ ለ10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 1 ሜትር ከ20 ርዝመት። ከዚያ ከቀናና ከቀለለ ይሻላል፤ ከዚያ ከገደለ ግን ወንበሩን ወደ ኋላ ይጥለዋል።

ይህን ጽፌ ላበቃ ስል የራሴ በር ትዝ አለኝ። እኔ የማገለግልበት የሰፈራችን መስጂድ መግቢያ ላይ ሦስት ደረጃ አለ። ስለካቸው ሦስቱ ተደምረው 45 ሴንቲ ሜትር ናቸው። በሒሳቡ 5 ሜትር ከ40 የሚረዝም ተዳፋት ይበቃቸዋል ማለት ነው። በግድግዳው በኩል ጫማ የምንደረድርበት ባዶ ቦታ ከዚያ ይበልጣል። ወንድሜ በዚያ በር ስንት ዓመት ገብቷል! ዝናብ ሲዘንብ ክራንቹ ስለሚያንሸራትተው ዙህርን ቤቱ የሚሰግድበትን ቀን እኔ በስንፍና እቆጥርበት ነበር። አስተግፊሩላህ። ሎጁን ከመውቀሴ በፊት መጀመሪያ ራሴን መውቀስ ነበረብኝ። ለኮሚቴው ነግሬ ሲሚንቶና አሸዋ ማሰባሰብ ጀምረናል፤ ገና አላለቀም።

የዒዱን ቀን ልንገራችሁና ላብቃ። ከዙህር በፊት ደረስን። ጣውላው መድረኩ ላይ ተደርጎ ጠበቀን። ወንበሯን ውሃው ዳር አደረግንላት። ልጆቹና እህቴ በጀልባ አባይ ከጣና ወደሚወጣበት በኩል ሄዱ። ጀልባው ጋ ያለው መሳፈሪያ ለክራንችም ለምርኩዝም አይሆንም፤ ስለዚህ እየተፈራረቅን ሁልጊዜ ሦስት ሰው እነሱ ጋ እንዲቀር አስቀድመን ተስማምተን ነበር። ብቻውን የቀረ አልነበረም። ቢሾፍቱ ያለው ልጅ ሸርተቴዋን ንቆ ጥቂት አኮረፈ፤ ከዚያ ኳስ አገኘና ረሳው። ማታ ስንመለስ በአዲሱ የአባይ ድልድይ በኩል ሄድን። በግንቦት 2016 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ ድልድይ 380 ሜትር ይረዝማል፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፊ ነው። ወንድሜ በክራንቹ፣ ከልጆቹ ጋር እኩል፣ ማንም ሳይደግፈው ተራመደበት።

እናቴ ከጣና ውሃ ውዱእ አድርጋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ሰገደች። ከሰላምታ በኋላ ብዙ ቆየች። "ዱዓ ነው?" አልኳት። "አይ፣ ማዕበሉን እያየሁ ነው" አለችኝ።

አላህ ወላጆቻችንን በጤናም በደስታም ያቆይልን። ያለፉትንም በራሕመቱ ይቀበልልን። እናቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉና ምን ማየት እንደሚፈልጉ ጠይቋቸው።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።